አጥንት የሚገባበት ቃል

ገመዱ ሲወጠር ወጌሻዋ ትሮጣለች፤ ሲላላ ትንፋሿን ትሰበስባለች። አንዱ ጫፍ ወገቧ ላይ፣ ሌላው ጫፍ ሃምሳ አለቃው ኮርቻ ላይ ነው የታሰረው። ፈረሱ የድንጋዩን ንጣፍ በኮቴው እያንኳኳ በአንጥረኞች ሰፈር ቁልቁል ይወርዳል፤ እሷ ግራ እጇን በቀኝ እጇ አቅፋ ከኋላው ትከተላለች። የግራ እጇ ሁለቱ መካከለኛ ጣቶች ከመገጣጠሚያቸው ወልቀው ወደ ኋላ ተቀልብሰዋል። የሰው አጥንት ስትጠግን ሃያ ሦስት ዓመት የኖረች ሴት የገዛ ጣቷን ለማየት አልደፈረችም።

ከተማዋ የተያዘችው ጎህ ሲቀድ ነው። መድፉ የምሥራቁን በር ሦስት ጊዜ መታው፤ በአራተኛው በሩ ከነማጠፊያው ተገንጥሎ ወደቀ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለማወቅ ሰው መጠየቅ አያሻም፤ መንገዱ ራሱ ይናገራል። የአንጥረኛው ወናፍ ተቀዶ መሃል መንገድ ላይ ተጥሏል፤ ባለቤቱ እላዩ ላይ ተዘርግቷል። ዳቦ ጋጋሪዋ በምድጃዋ ደጃፍ በደረቷ ተደፍታ፣ ከእጇ የፈሰሰው ዱቄት በደሟ ቦክቷል። አንድ ወታደር ከሬሳ እግር ላይ ጫማ አውልቆ ይለካል፤ ጠበበው መሰለኝ፣ ሟቹን ይሳደባል።

«ፍጠኚ እንጂ ሴትዮ!» አለ ሃምሳ አለቃው ዞር ሳይል። «ሻለቃው ከሞተ አንቺም እኔም የዛሬዋን ጀምበር መጥለቂያ አናያትም።»

ፊቱን ከጆሮው እስከ አገጩ የሰነጠቀ የጎራዴ ምልክት ስላለው የገዛ ወታደሮቹ ጠባሳው ይሉታል። ወጌሻዋ እሱን ለመለየት ስም አላስፈለጋትም። ባሏን ዛሬ ጠዋት በጦር የወጋው እሱ ነው።

ባሏ አናጢ ነበር። እሱ ሥራ የሚሠራበትም፣ እሷ ሰው የምታክምበትም አንድ ክፍል ነው፤ ስንጥሮቿን የሚጠርብላት እሱ፣ የሚጮሁ ታማሚዎቿን የሚይዝላት እሱ። በእነሱ ቤት አጥንት ዝም ብሎ አይገባም ነበር፤ ቃል ነበረው። እሷ ስብራቱን በሁለት እጇ ከላይና ከታች ትይዛለች፤ ባሏ ታማሚውን ከኋላ በብብቱ ሥር ያቅፈዋል። ከዚያ ያዡ «ተመስገን» ብሎ ይጀምራል፤ ታማሚውም ተከትሎ፣ ረዘም አድርጎ፣ ትንፋሹ እስኪያልቅ «ተመስገን» ይላል። ያን ጊዜ ይሳባል፤ አጥንቱም ይገባል።

ይህን ያስተማሯት አባቷ ናቸው፤ ምስጢሩንም አልደበቋትም። ሰው ሲፈራ ትንፋሹን ይይዛል፤ ትንፋሹን ሲይዝ ሥጋው አጥንቱን ጨምድዶ አልለቅም ይላል። ቃሉን ረዘም አድርጎ ሲያወጣ ግን ሆዱ ባዶ ይሆናል፤ ሥጋውም ይላላል። «ሽንኩርት ቢልም እኮ ይገባል» ትል ነበር ወጌሻዋ። ባሏ ግን ቃሉን ሁልጊዜ ከልቡ ነበር የሚለው። «አንቺ አጥንቱን አስገቢ፤ ምስጋናውን ለእኔ ተይልኝ» እያለ ይቀልድባታል። ሁለት ልጆቻቸውን በአንድ ሳምንት ቀብረው ሲመለሱ እንኳ «እግዜር ሳይደግስ አይጣላም» ያለ ሰው ነው። ያን ቀን በእጇ የነበረውን ማሰሮ ወርውራበታለች።

ዛሬ ጠዋት መድፉ ዝም ሲል ባሏ ክንዷን ይዞ ጎተታት፤ ጥግ ላይ ከተከመረው የእንጨት ፍቅፋቂ ሥር ከትቶ ሸፈናት። ብዙም ሳይቆይ የቤታቸው በር ተሰበረ።

«ወጌሻዋ የት ናት?» የሚል ድምፅ ሰማች።

«የለችም። ትናንት ሄዳለች» አለ ባሏ።

እንደገና ተጠየቀ፤ እንደገና የለችም አለ። ከዚያ ጦር ሥጋ ውስጥ ሲገባ ሰማችው። ቀጥሎ ባሏ፣ ልክ ታማሚ እንዳቀፈ ሁሉ፣ ረዘም አድርጎ «ተመስገን» አለ። ከዚያ በኋላ ምንም አላለም።

ከፍቅፋቂው ውስጥ ወጥታ መዶሻ አንስታ የጠባሳውን ትከሻ መታችው። እሱም በነፍጡ ሰደፍ እጇን አደቀቃት። ወጌሻዋን እየፈለገ የወጌሻዋን እጅ መስበሩን ያወቀው ጎረቤቷ «ኧረ እሷ እኮ ናት!» ብላ ስትጮህ ነው።

አሁን በገመድ እየተጎተተች ቆሽቷን የሚያሳርራት ጠባሳው አልነበረም፤ እሱማ ጠላት ነው፤ የጠላት ወጉ መግደል ነው። ያሳረራት ባሏ ነው። ተመስገን! ጦር ሆዱ ውስጥ ተሰክቶ ተመስገን! ለምኑ ነው? ከሞቱ አሟሟቱ ይባላል፤ እሱ ግን በልማድ፣ እንደ ሰለጠነ በቀቀን፣ አፉ ያመጣለትን ብሎ ሞተ። ሃያ ሦስት ዓመት አብራው የኖረችው ሰው ለእሷ አንዲት ቃል ሳይተውላት ሄደ።

ሻለቃው የተኛው የኬላው ቤት ውስጥ፣ ቀረጥ ይቆጠርበት በነበረው ረጅም ጠረጴዛ ላይ ነው። ደፉ ላይ አንድ ሬሳ ተጋድሟል፤ ጭንቅላቱ በጥይት ተፈርክሷል፤ መጋዝ በእጁ እንደያዘ ነው። የሠራዊቱ ሐኪም ነበር።

«እግርህን ልቁረጠው አለኝ» አለ ሻለቃው ወጌሻዋ ሬሳውን ተራምዳ ስትገባ። ወፍራም፣ ጢሙ የተጎነጎነ ሰው ነው፤ ላብ አጥምቆታል። በሩ ሲወድቅ ፈረሱ ተመትቶ እላዩ ላይ ወድቆበት የግራ ጭኑ ለሁለት ተሰብሯል። «አንቺስ ምን ትያለሽ?»

ወጌሻዋ ጭኑን በቀኝ እጇ ዳበሰችው። የላይኛው አጥንት የታችኛውን አልፎ ተደርቧል። «ይገባል» አለች።

«እንኳን ይገባል አልሽ። በመስኮት ተመልከቺ።»

ተመለከተች። ከመንገዱ ማዶ የጨው መጋዘኑ አለ። በሩ በወፍራም መቀርቀሪያ ተዘግቷል፤ ዙሪያውን ጭድ ተከምሯል፤ ችቦ የያዙ ሁለት ወታደሮች ቆመዋል። በፍርግርጉ በኩል ፊቶችና እጆች ይታያሉ። ከመካከላቸው አረንጓዴ ሻሽ አየች። የቀረችላት አንዲት ልጇ ናት። መድፉ ሳይጀምር ውኃ ልትቀዳ ወጥታ አልተመለሰችም ነበር።

«አርባ ሰው ነው ያለው» አለ ሻለቃው። «እግሬ ከገባ ይወጣሉ። ከሞትኩ ይለኮሳል፤ ትእዛዙን ሰጥቻለሁ። ነገሩ ቀላል ነው።»

«በአንድ እጅ አይሆንም ጌታው።» ግራ እጇን አወጣችለት።

ሻለቃው ጣቶቹን አየ። «ማን ነው እንዲህ ያደረጋት?»

«እኔ ነኝ ጌታዬ» አለ ጠባሳው። «ወጌሻ መሆኗን አላወቅሁም።»

«እግሬ ካልገባ ያንተን እጅ ከትከሻህ ነው የማስወርደው።» ከዚያ በሥቃዩ መሃል ሳቀ። «የጨነቀው እርጉዝ ያገባል አሉ! ይኸው እኔም እጇ በተሰበረ ወጌሻ ልታከም ነው። በል፣ የሰበርከውን አንተው ጠግን።»

ጠባሳው መጥቶ ፊት ለፊቷ ተንበረከከ። እጁ ላይ የደረቀ ደም አለ፤ የማን እንደሆነ ታውቃለች። የወለቀውን ጣቷን እንዴት እንደሚይዝ አሳየችው። «ሳብ ስልህ ቀጥ አድርገህ ሳብ። አትጠምዝዘው።»

«እሺ።»

«ሳብ።»

ሳበ። መላ አካሏ ተኮማተረ፤ ጣቱ ንቅንቅ አላለም። ዓለም ጨለመባት። እንደገና ሳብ አለችው፤ ምላሷን ነክሳ ደም ተፋች፤ ጣቱ ግን እንዳለ ነው። ትንፋሿን ይዛለች። ሺህ ሰው ትንፋሽህን አውጣ ስትል የኖረች ሴት የራሷን ማውጣት አልቻለችም። ቃሉን ማለት እንዳለባት ታውቃለች፤ ጉሮሮዋ ላይ እንደ አጥንት ተሰንቅሯል። ሌላ ቃል ልትሞክር ከንፈሯን አላወሰች፤ ሽንኩርት እንኳ እምቢ አላት።

ጠባሳው ጣቷን እንደያዘ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያ ሰውዬ ባልሽ ነው?»

እጁ ላይ ወዳለው የደረቀ ደም አየች።

«አሥራ ሦስት ዓመት ተዋግቻለሁ። ሲወጋ የሚሳደብ አውቃለሁ፤ እናቱን የሚጠራ አውቃለሁ። እሱ ግን ግድግዳውን ተደግፎ ሲንሸራተት ወደ ጥግ ወደ ፍቅፋቂው ክምር አየ። ወዲያው ዓይኑን መለሰና እኔን አየኝ፤ እኔ ወደዚያ እንዳላይ ፈርቶ መሆን አለበት፤ ያን ጊዜ አልገባኝም። ከዚያ ፈገግ አለ። ፈገግ ብሎ ነው ተመስገን ያለው። እንዲህ ያለ ሰው ገድዬ አላውቅም።»

ወጌሻዋ ትክ ብላ አየችው። ከፍቅፋቂው ሥር ሆና ድምፁን ሰምታለች እንጂ ፊቱን አላየችም። ክምሩ አልተነካም ነበር። እሱ መሬት ላይ እየወደቀ ክምሩ እንዳልተነካ አየ፤ እሷ ሥሩ በሕይወት እንዳለች አየ። በልማድ አይደለም። አፉ ያመጣለትንም አይደለም። ጦሩ ሆዱ ውስጥ ሆኖ የቀረውን ሀብቱን ቆጠረ፤ ሀብቱም እሷ ነበረች። እሷ ደግሞ መንገዱን ሙሉ በቀቀን እያለች ስትሰድበው መጣች።

እንባዋ ሳይሆን ትንፋሿ ነው የመጣው፤ ከእግር ጥፍሯ ጀምሮ። እሷ አለች። ማዶ አረንጓዴው ሻሽ አለ። ሌላው ሁሉ ሄዷል፤ እነዚህ ሁለቱ አሉ።

«ተመስገን» አለች፤ ረዘም አድርጋ፤ እድሜዋን ሙሉ ለሰው ስትሰጥ የኖረችውን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ ለራሷ።

ጠባሳው ሳይታዘዝ ሳበ። ጣቱ ቀጭ ብሎ ገባ። ሁለተኛውም ተከተለው።

ሁለቱን ጣቶች በጨርቅ አጣብቃ አሰረችና ወደ ጠረጴዛው ሄደች። የሻለቃውን ቁርጭምጭሚት ጥግ ላይ ቆሞ ለነበረው ለጋሻ ጃግሬው ሰጠችው፤ ዲዳ የሚመስል ግዙፍ ሰው ነው። ጠባሳውን ከሻለቃው ራስጌ አቆመችው። ባሏ የሚቆምበት ቦታ ነው፤ ግን ሌላ ሰው የለም።

«ያዡ ነው የሚጀምረው» አለችው። «አንተ ተመስገን ትላለህ፤ እሳቸው ይከተሉሃል።»

«ምን?» አለ ሻለቃው። «እኔ? ሰው ነው እኔን የሚያመሰግነኝ እንጂ እኔ ማንንም አላመሰግንም። ሳቡት!»

«ጌታው፣ ቃሉን ካላሉት ሥጋው አይላላም።»

«ሳቡት አልኩ!»

ጋሻ ጃግሬው ሳበ። ሻለቃው ጥርሱን ነክሶ ትንፋሹን ያዘ፤ የጭኑ ሥጋ እጇ ሥር ድንጋይ ሆነ፤ አጥንት ከአጥንት ሲፋጭ ተሰማት። ከዚያ አጓራ። የታረደ በሬ እንዲያ አይጮህም። ጩኸቱ በመስኮቱ ወጥቶ መንገዱን ተሻገረ፤ ወዲያውም ተቋረጠ።

ጥፋቱ የመጣው ከዚህ ነው። ማዶ ያሉት ሁለቱ ችቦ ያዦች ጩኸቱን ሰሙ፣ መቋረጡንም ሰሙ፤ እርስ በርስ ተያዩ፤ ሻለቃው አረፈ ብለው ጭዱን ለኮሱት።

ወጌሻዋ ጢሱን አየች። «ጌታው፣ ለኮሱት! ሞቱ ብለው ነው! ሰው ይላኩ!»

ሻለቃው በወጣ ዓይኑ ወደ መስኮቱ አየ። ከንፈሩ ደም ለብሷል። «መጀመሪያ እግሬ።» ከወገቡ ሽጉጡን መዝዞ ግንባሯ ላይ ደቀነ።

ከማዶ ጩኸት ተነሳ፤ የአርባ ሰው ጩኸት። ወጌሻዋ የልጇን ድምፅ ከመካከሉ ለየችው። ግራ አውራ ጣቷ ሥር የሻለቃው ትልቁ ደም ሥር ይመታል፤ የተሰነጠቀው አጥንት ጫፍ ከእሱ ጎን ነው። አንድ ግፊት ይበቃል። ሰውየው ጠረጴዛው ላይ ደሙ ፈስሶ ያልቃል። ግፊቱ ጣቷ ላይ መጣ፤ ጣፈጣትም፤ ይህን መደበቅ ውሸት ነው። ግን እሱ ከሞተ ያንን እሳት የሚያጠፋ ሰው የለም።

«ጌታዬ» አለ ጠባሳው። ጎንበስ ብሎ አፉን ከሻለቃው ጆሮ አጠገብ አደረገ። «ይበሉት። ተመስገን።»

«ውሻ!»

«ተመስገን፣ ጌታዬ። ተመስገን።»

ሻለቃው በንቀት፣ እየተፋ፣ እያላገጠ አለው። «ተ... መስ... ገን!» ፌዝም ቢሆን ትንፋሽ ነው። ሥጋው እጇ ሥር ላላ።

«ሳብ!» አለች። አጥንቱ ተንሸራቶ፣ ተሰክቶ፣ ቀጥ አለ። ሻለቃው ራሱን ሳተ፤ ሽጉጡ ከእጁ ወደቀ።

ጠባሳው ትእዛዝ አልጠበቀም፤ በመስኮቱ ዘሎ ወጣ።

ከዚያ የመጣው ከሁሉ የከፋው ነበር፤ ምክንያቱም ወጌሻዋ መሮጥ አልቻለችም። ሳይታሰር ከለቀቀችው አጥንቱ መልሶ ይደረባል፤ ሻለቃው ነቅቶ ጠማማ እግር ካገኘ አርባው ሰው እንደገና ይገባል። ስለዚህ አሰረች። ስንጥር ደረደረች፣ ጨርቅ ጠመጠመች፣ ቋጠረች፤ ዓይኗ መስኮቱ ላይ እንደተሰካ። ጠባሳው አንዱን ችቦ ያዥ በቡጢ ሲጥለው አየች። የሚነደውን ጭድ በጦሩ፣ ከዚያ በእጁ፣ ሲበትን አየች። መቀርቀሪያው በእሳቱ ተጣሞ አልወጣ አለው፤ በትከሻው ገጨው፤ የጉበኑ እንጨት ተገንጥሎ ክንዱ ላይ ወደቀ። በሩ ተከፈተ። ሰዎች እያሳሉ፣ እየተረጋገጡ ወጡ። አንዱ ልብሱ እየነደደ መሬት ላይ ተንከባለለ። አረንጓዴ ሻሽ አጣች። የመጨረሻውን ቋጠሮ አጠበቀች፤ አሁንም አጣች።

«በየሦስት ቀኑ እየፈታሁ ካላሰርኩት እግሩ ይበሰብሳል» አለችው ለጋሻ ጃግሬው። «እኔን ወይም ከዚያ ቤት የወጣ ሰው የነካ የሻለቃውን እግር እንደቆረጠ ይቆጠር። ሲነቃ ንገረው።» ሬሳውን ተሻግራ ወጣች።

ሦስት ሽማግሌዎች በጢሱ ታፍነው ሞተው መንገዱ ዳር ተደርድረዋል። ልጇ ከእነሱ አጠገብ ተቀምጣለች፤ ሻሿን አውልቃ የአንደኛውን ፊት ሸፍናበታለች። ጸጉሯ ግማሹ ተቃጥሏል።

«እማዬ!» አንገቷ ላይ ተጠመጠመችባት። ቀና ብላ ከእናቷ ኋላ አየች። «አባዬስ?»

«ገደሉት ልጄ።» ወጌሻዋ ቃል አልፈለገችም፤ እንዳለ ነገረቻት። «እኔን ደብቆ ሞተ። እንዳላገኙኝ አይቶ ፈገግ አለ፤ ተመስገን አለ። የመጨረሻ ቃሉ እሱ ነው።»

ልጅቷ አላለቀሰችም። የእናቷን የታሰሩ ጣቶች በሁለት እጇ ያዘች።

ጠባሳው ሲጎተት መጥቶ ፊታቸው ቆመ። መዳፎቹ ተልጠዋል፤ የቀኝ ክንዱ ከእጁ አንጓ በላይ ታጥፎ ተንጠልጥሏል።

«ያወጣን እሱ ነው እማዬ» አለች ልጅቷ።

«አባትሽን የገደልኩትም እኔ ነኝ» አለ ጠባሳው።

ልጅቷ ጫፉ የሚጤስ እንጨት ከመሬት አንስታ ፊቱን መታችው። አሮጌው ጠባሳ ላይ አዲስ ተከፈተ። ደገመችው፤ ሠለሰችው። አልሸሸም፤ በሦስተኛው በጉልበቱ ወደቀ። እንጨቱ እጇ ላይ ተሰበረ።

ወጌሻዋ ቆማ አየች እንጂ አላገደቻትም። እጇ ሲዝል ብቻ «ጨረስሽ?» አለቻት። «በይ ያዢው።»

«እማዬ!»

«ይቅር አላልኩትም። አጥንቱ ግን ጥፋት የለበትም።» ተንበርክካ የተሰበረውን ክንድ በሁለት እጇ ከላይና ከታች ያዘች። የታሰሩት ሁለት ጣቶቿ ይጠዘጥዟታል። «ያዢ። አባትሽ እንደሚይዘው።»

ልጅቷ በእጇ የቀረውን ስባሪ እንጨት ጣለች። ከዚያ ከጠባሳው ኋላ ሄዳ ተንበረከከች፤ በብብቱ ሥር አቀፈችው።

«ተመስገን በል» አለችው ወጌሻዋ።

«በምን አፌ?» ደም ከጢሙ ይንጠባጠባል። ትንፋሹን ይዟል፤ ሥጋው እጇ ሥር ድንጋይ ነው።

ወጌሻዋ ወደ ልጇ ቀና ብላ አየች። ያዡ ነው የሚጀምረው። ጠበቀች። ማዶ ጭዱ እየጤሰ ነበር። ከሞቱት ሦስት ሽማግሌዎች የአንደኛው ሚስት ቀስ ብላ ስታለቅስ ይሰማል።

«ተመስገን» አለች ልጅቷ ከኋላው፤ እንደ አባቷ ረዘም አድርጋ።

ጠባሳው ተንሰቀሰቀ፤ ትንፋሹም ወጣ። ወጌሻዋ ሳበችው።